ከሚጣ ጋር የዋልኩባት ቅዳሜ

(በ1995 ዓ.ም. የሕክምና ተመራቂዎች 20ኛ ዓመት መገናኛ ላይ የተደረገ ንግግር)



 

አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ሃያ ዓመት በሙያ» በሚል ርዕስ ሃያ ደቂቃ ትናገሪያለሽ ሲለኝ እሺ አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። የጻፍኩትን መልሼ ሳነበው ግን የሥራ ማመልከቻ መሰለኝ። የት እንደሠራሁ፣ የት ስፔሻላይዝ እንዳደረግሁ፣ ስንት ተማሪ እንዳስተማርኩ። ይሄ ይሄ እናንተም ጋ አለ፤ የብዙዎቻችሁ እንዲያውም ከእኔ ይበልጣል። ስለዚህ ወረቀቱን ቀደድኩትና ስለ አንድ ቀን ብቻ ልነግራችሁ ወሰንኩ። ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ከወንድሜ ልጅ ጋር ጎንደርን ስንዞር ስለዋልንባት ቅዳሜ። ርዕስ ቀየርሽ የሚለኝ ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ግን እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፣ ከሙያው አልርቅም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ቀረ፣ ትዳር ያዘ፣ ልጆች ወለደ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ የቀኑን ተመላላሽ፣ ራውንዱን፣ የሌሊቱን ስልክ ስቆጥር እኖራለሁ። የወንድሜ የመጀመሪያ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። ስሟን እዚህ አልጠራም፤ ቤት ውስጥ ሁላችንም ሚጣ ነው የምንላት። ለሚጣ ሦስት ዓመት ሙሉ «ስመጣ ፋሲል ግቢ እወስድሻለሁ» እያልኩ ቃል ገብቼላታለሁ። ጎንደር ተወልዳ፣ ጎንደር አድጋ፣ ግንቡን በታክሲ መስኮት እንጂ ገብታ አታውቅም። ይሄ የእሷ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛስ? ስድስት ዓመት ከምናምን ከተማው ውስጥ ኖረን፣ ከቤተሰብ ጋር በምረቃ ሰሞን ፎቶ ለመነሳት ካልሆነ ስንቶቻችን ገባን?

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልናዘዝ። ከዚያ ቅዳሜ በፊት አንድ ዓመት ገደማ ወንድሜ ደውሎልኝ ነበር። «እትዬ፣ ሚጣ ራሴን ያመኛል ትላለች፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይብስባታል» አለኝ። እኔ በዚያን ሰዓት ዋርድ ነበርኩ፤ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሀል ይዤ ነው የማወራው። ትኩሳት አላት? የለም። ታስመልሳለች? የለም። ትበላለች? አዎ። «ውኃ ትጠጣ፣ በጊዜ ትተኛ፣ ቴሌቪዥን ቀንሱላት» አልኩና ዘጋሁት። ምክሩ በራሱ መጥፎ አልነበረም። ግን አንድ ተማሪዬ በሽተኛ ሳያይ እንዲህ ቢያደርግ ራውንድ ላይ ምን እንደምለው አውቀዋለሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሚጣ ተዘጋጅታ በር ላይ ቆማ ነበር። የጥምቀት ቀሚሷን ለብሳለች፣ ከታች ስኒከር። እናቷ ጫማው ከቀሚሱ ጋር አይሄድም ብላ ስትከራከራት «ግንብ ላይ ስወጣ በምን ልሩጥ?» አለች። እሷ ናት ያሸነፈችው።

ባጃጅ ያዝን። ባጃጅ ውስጥ አንድ ጨዋታ ጀመርኩላት፤ ልጅ ሆነን ከአባታችን ጋር የምንጫወተው፣ የሱቆችን ማስታወቂያ ቀድሞ ማንበብ። «ፋርማሲ!» እላለሁ። «ፀጉር ቤት!» እላለሁ። እሷ ግን ከአጠገባችን የሚያልፈውን ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን ጥቅስ ብቻ ነው የምታነበው። «አክስቴ፣ አንቺ ታጭበረብሪያለሽ፣ መንገዱን ስለምታውቂው ነው» አለችኝ። ሳቅሁ። እውነትም መንገዱን አውቀዋለሁ። በልቤ ግን የሦስተኛ ክፍል ልጅ ንባብ እንዲህ ቀርፋፋ መሆን አለበት እንዴ ብዬ አሰብኩ። ወንድሜም «ትምህርት ላይ ሰነፍ ሆናብኛለች» ብሎኝ ነበር። ሁለቱን አገጣጠምኳቸው፤ ግን በተሳሳተ በኩል።

ፋሲል ግቢ ገባን። አጼ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ግቢው በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይሄን ሁሉ ላስረዳት ተዘጋጅቼ ነበር። የሚጣ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «ንጉሡ ሽንት ቤታቸው የት ነበር?» የሚል ሆነ። አስጎብኚው ወጣት ሳቀና መልስ ሊሰጣት ሲጀምር ሁለተኛው ጥያቄ መጣ፤ «ሲያማቸውስ ማን ያክማቸው ነበር?»

ይሄኛውን እኔ ልመልስ አልኩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። ብሩስ በሙያው ሐኪም አይደለም፤ ግን እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ያሉትን የታመሙ ልጆች እንዲያይላቸው አደረጉ። እሱም ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የታፈነውን ክፍል በርና መስኮት ማስከፈት ነበር። ሚጣ ትንሽ አሰበችና «መስኮት መክፈት ብቻ? ይሄማ እኔም እችላለሁ» አለች። እውነቷን ነው። ይህ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑን፣ የኮሚኒቲ ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ሲልክ፣ ከሥራቸው ብዙው መስኮት ማስከፈት፣ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ ውኃ ማስፈላት ነበር። እኛም በተራችን ቆላ ድባ ወርደን የሠራነው እሱን ነው። የተማርነው እዚያ ነው፤ ቤት ለቤት እየዞርን፣ ሰው በቤቱ ሳለ እያየን።

ከዚያ ሩጫ ሆነ። ሚጣ ከፋሲል ግንብ ወደ ቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት የመዝሙር ቤት፣ ከዚያ ወደ አንበሶቹ ቤት ሮጠች፤ እኔ ከኋላ አርባ አምስት ዓመቴን ተሸክሜ። የኢያሱ ግንብ ጣሪያ የለውም፤ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ግቢውን ሲደበድቡ ከተጎዱት አንዱ ነው። ሚጣ ባዶው አዳራሽ መሀል ቆማ ስሟን ጮኻ ጠራች። ድምፁ ሲመለስላት ደስ አላት፤ አሥር ጊዜ ደገመችው። እኔንም አስጮኸችኝ። በግቢው ውስጥ «ዶክተር» ብሎ ሰላም ያለኝ የቀድሞ ታካሚ አጋጥሞኝ ነበር፤ ምን እንዳሰበ እንጃ።

ግንቡ አናት ላይ፣ ከእንቁላል ቅርጽ ጉልላቱ በላይ አሞራ ይዞር ነበር። «ያየሽው? ያ ትልቁ!» አልኳት። ቀና ብላ ዓይኗን ጠበብ አደረገችና «አዎ፣ አየሁት» አለች። ግን የምታየው ሌላ ቦታ ነው። ፀሐዩ ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ጠዋት «አዎ፣ አየሁት» ያለችኝ አምስትና ስድስት ጊዜ ነው፤ አንዱም እውነት አልነበረም። ውሸታም ሆና ግን አይደለም። ሰው ሁሉ «አያችሁ?» ሲባል «አዎ» ይላል፤ እሷም «ማየት» ማለት ያ መስሏታል።

ፒያሳ ወርደን ስፕሪስ ጠጣን፤ ከሥር አቮካዶ፣ መሀል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ። ሚጣ ሦስቱን ሳታደባልቅ በየደረጃው በማንኪያ እየቆፈረች ትበላለች፤ ይሄ ደንብ ነው አለችኝ፣ ያደባለቀ ተሸንፏል። ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ዋጋ አንብቢልኝ ስላት ከወንበሯ ተነስታ ግድግዳው ሥር ሄዳ፣ ጥርት አድርጋ፣ አንድም ሳትስት አነበበችልኝ። እና ማንበብ ትችላለች! ተመልሳ ስትቀመጥ «ለምን ከዚህ አላነበብሽም?» አልኳት። «ከዚህማ እንዴት ይነበባል?» አለችኝ፣ ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኳት ሁሉ።

እንግዲህ ዶክተሮች ናችሁ፤ አሁን ሁላችሁም ገብቷችኋል። አንዳንዶቻችሁ ባጃጁ ውስጥ ሳለን ነው የገባችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አይቻለሁ። እኔ ግን ያኔ አልገባኝም። የምሳ ሰዓት እያሰላሁ ነበር። ስልኬ ላይ ደግሞ የአንድ ታካሚ የላብ ውጤት ተልኮልኝ እሱን እያየሁ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የስኳር ታካሚዎቼን «በዓመት አንድ ጊዜ ዓይናችሁን ታዩ» ብዬ የምጨቀጭቅ ሰው ነኝ።

ከምሳ በኋላ በዚያው ትኬት ወደ ፋሲል መዋኛ ሄድን። የጥምቀቱ ድንኳን እንጨት ገና አልተነሳም። ሚጣ ውኃውን ትታ ዋርካዎቹን ወደደች። ሥሮቻቸው የድንጋዩን አጥር እንደ ጣት ጨብጠው ወርደዋል፤ የትኛው ድንጋይ የትኛው ሥር እንደሆነ እስኪያጠራጥር። እሷ አፍንጫዋ እስኪነካ ቀርባ ሥሩ ላይ የሚሄዱትን ጉንዳኖች ታያለች። አንድ ጉንዳን ከራሱ የሚበልጥ ፍርፋሪ ተሸክሞ ሲወጣ እስኪያልፍ ድረስ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅን። እኔ በሩብ ሰዓት ሦስት ሰው ነው የማየው። ያን ቀን አንድ ጉንዳን አየሁ። ደስ ይል ነበር፤ በእውነት ነው የምላችሁ።

መጨረሻ ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። እኔ ነኝ ይቅርብን አይሆንም ያልኩት፤ ለእሷ የበቃት ይመስል ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ የተመሠረተው በቀዳማዊ ኢያሱ ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ብዙ አድባራት ወደሙ፤ ይሄኛው የተረፈው የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን ስለመለሰው ነው ሲባል አድገናል። የንቡን ታሪክ ስነግራት ሚጣ «ንቦቹ አሁንም አሉ?» ብላ ትንሽ ወደ ኋላዬ ተሸሸገች።

ጫማችንን አውልቀን፣ ነጠላችንን አስተካክለን ገባን። ውስጡን ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ላይ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት፣ መቅደሱ ላይ ሥላሴና ስቅለት። ጣሪያው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በመላእክት ፊት የተሞላ ነው፤ ክንፍና ፊት ብቻ፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ አንዱ ከአንዱ ትንሽ የሚለይ። የትም ብትቆሙ የሚያዩአችሁ ይመስላል። ተማሪ እያለን ከፈተና በፊት የምንመጣው እዚህ ነበር። አናቶሚ የወደቀም፣ ያለፈም እዚህ ጣሪያ ሥር ነው የተሳለው።

«ሚጣዬ፣ ቀና በይ» አልኳት በሹክሹክታ። ቀና አለች። «ሲያዩን አየሻቸው?»

«ማን ነው የሚያየን?»

«መላእክቱ።»

ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ዓይኗን አጠበበች። አንገቷን ወደ ጎን አዘመመች። ከዚያ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «አዎ» ማለቱን ተወችው። «አክስቴ» አለችኝ፣ «ቡናማ ክብ ክብ ነገር ነው ያለው። መላእክቱ ዓይን አላቸው?»

ጓደኞቼ፣ ሕይወቴን ሙሉ ሰው ክፉ ዜና ሲሰማ አይቻለሁ፤ ራሴም ነግሬአለሁ። የዚያን ሰዓት ግን እግሬ ነው የከዳኝ። ባጃጁ፣ አሞራው፣ የስፕሪሱ ዋጋ፣ ጉንዳኑ፣ የስልኩ ራስ ምታት፣ «ሰነፍ ሆናብኛለች»፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተደርድረው መጡ። ሂስትሪው ከጠዋት ጀምሮ ሲነገረኝ ውሏል። የሚሰማ ሐኪም ነው የጠፋው።

እጇን ይዤ ወደ ውጪ ወጣሁ። የግቢው ፀሐይ ገና ብርቱ ነበር። የፋሲል ግቢውን ትኬት ከቦርሳዬ አወጣሁና የነጠላዬን መርፌ ቁልፍ ፈትቼ መሀሉን አንድ ጊዜ ወጋሁት። ፒንሆል። ሦስተኛ ዓመት እያለን የዓይን መምህራችን ያስተማረን፤ ለአንድ ሳንቲም የማይበልጥ መሣሪያ። በትንሽ ቀዳዳ የሚያልፈው ብርሃን ስለማይበታተን፣ ችግሩ የመነፅር ከሆነ ያጠራዋል፤ የዓይኑ ውስጥ ወይም የነርቩ ከሆነ አያጠራውም። ስወጋው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ምክንያቱም ባይጠራስ? የስምንት ዓመት ልጅ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ራስ ምታት። ባይጠራ ምን ምን ሊሆን እንደሚችል ዝርዝሩን ታውቁታላችሁ፣ እኔም አውቀዋለሁ። ያን ዝርዝር በጭንቅላቴ ይዤ ነው ትኬቱን ዓይኗ ላይ ያስጠጋሁት።

«አንዱን ዓይንሽን ጨፍኚ። ጣሪያው አናት ላይ ያለውን መስቀል እይ። ምን አለው?»

ዝም አለች። ከዚያ፤

«እንዴ! እንቁላል አለበት!»

የሰጎን እንቁላሎቹ ናቸው። በሌላኛው ዓይኗም አየቻቸው። ከዚያ ትኬቱን ከእጄ ነጥቃ ዛፉን አየች፣ በሩ ላይ ያለውን ግንብ አየች፣ ከሩቅ የሚመጡትን ቄስ አየች፣ «ጺማቸው ነጭ ነው!» አለች። ቄሱም አጠገባችን ደርሰው «ምን እያደረጋችሁ ነው ልጆቼ?» ሲሉን፣ አርባ አምስት ዓመቴ ቢሆንም፣ ማልቀስ ጀምሬ ስለነበር መልስ የሰጠችው ሚጣ ናት። «አክስቴ ዓይን ሠራችልኝ» አለቻቸው። እሳቸውም መስቀላቸውን አሳለሙን።

ማታ ቤት ሌላ ሥራ ጠበቀኝ። ወንድሜ ዝም ብሎ ሰማኝና በመጨረሻ «እኔ እኮ ሰነፍ ናት ብዬ ቀጥቻታለሁ» አለ። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ ተነስቶ ወጣና ደጅ ተቀመጠ። የወንድሜ ሚስት ደግሞ «እትዬ፣ መነፅር ዓይን ያለምዳል ይባላል፤ አንዴ ካደረገች መላቀቂያ የላትም። ደግሞ ሴት ልጅ ናት» አለችኝ። ይሄን ያልሰማ ሐኪም እዚህ የለም። አላስተባበልኳትም፣ አልተቆጣኋትምም። የእኔን የማንበቢያ መነፅር አወለቅሁና «እኔ ይሄን ሳደርግ ዓይኔ ደከመ ወይስ የደከመ ዓይኔ አየ?» አልኳት። ከዚያ ለእሷም ወረቀት ወግቼ ሰጠኋትና ልጇ ያለዚህ የምታየውን፣ በዚህ የምታየውን ራሷ ጠይቃ እንድትሰማ ተውኳት። ሚጣ ከሶፋው ሆና የቴሌቪዥኑን ሰዓት በቀዳዳው አነበበች፤ ትኬቱን ስታነሳ ጠፋባት። እናቷ መሀረቧን ፊቷ ላይ አደረገች።

የእሑድ በረራዬን ወደ ማክሰኞ አዞርኩ። ሰኞ ጠዋት እዚሁ፣ በእኛው ዓይን ክፍል፣ ተራችንን ይዘን ተሰለፍን። አንዲት ወጣት ኦፕቶሜትሪስት ናት ያየቻት፤ እኛ ተማሪ እያለን እንዲህ ያለ ባለሙያ እዚህ አይመረቅም ነበር። ዓይን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመረችላት፣ ጠበቀች፣ በሬቲኖስኮፕ ለካች፣ የዓይኗን ውስጥ አሳየች። ሁለቱም ዓይን ከማይነስ 2.75 በላይ ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ ያለ መነፅር 6/60፣ በመነፅር 6/6። ሌላ ምንም የለም። እኔ «ሌላ ምንም የለም» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፤ እንደ ማንኛውም የታካሚ ዘመድ። ወጣቷም በትዕግሥት ሦስቴ ነገረችኝ። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ካለሽ፣ እጅግ አመሰግንሻለሁ።

አሁን ወደ ሙያው ልመለስ፤ ቃል ገብቼላችኋለሁ።

የቅርብ ብቻ የሚያይ ልጅ አይናገርም። ለምን ይናገር? ለእሱ ዓለም እንደዚያ ነው የሚመስለው፤ ዛፍ አረንጓዴ ጉም ነው፣ ሰሌዳ ጥቁር ነገር ነው። የሚያነጻጽርበት የለውም። ስለዚህ እኛ ነን ማየት ያለብን፦ ዓይኑን የሚያጠብ፣ ደብተሩን አፍንጫው ላይ የሚያስጠጋ፣ ቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ፣ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ራሱን የሚያመው፣ ኳስ ጨዋታ የሚጠላ። «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ቆም በሉ። እሱ ምርመራ የሚፈልግ ምልክት ነው እንጂ ስም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጊዜ አለው። የሚጣ ችግር ሁለቱ ዓይኖች እኩል ስለሆነ መነፅሩ ሙሉ በሙሉ አስተካከለላት። አንዱ ዓይን ብቻ ቢሆን፣ ወይም ሸውራራ ብትሆን፣ አእምሮ የደከመውን ዓይን ይተወዋል፤ ሰነፍ ዓይን የምንለው ይመጣል። ይሄ በጣም በቀላሉ የሚታከመው ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ሳይሞላው ነው። ዕድሜው በገፋ ቁጥር ይከብዳል።

ሦስተኛው ደግሞ የሚያስደስተኝ ነው። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተደረገና በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ለአንደኛ ክፍል ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የውጪ ጊዜ ተጨመረላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ካልተጨመረላቸው ልጆች መካከል ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት የቅርብ ብቻ የሚያዩ ሲሆኑ፣ ከተጨመረላቸው መካከል 30 በመቶ ገደማ ናቸው የሆኑት። መድኃኒት አይደለም፣ ጠብታ አይደለም። ፀሐይና ሜዳ ነው። ልጅ ይዞ መውጣት ማለት ነው። ሦስት ዓመት ያስተላለፍኩት ያ ቀን ለካ የሕክምና ትእዛዝ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ለየራሳችን ነው። ቤታችሁ፣ ዘመዳችሁ ጋ፣ ጎረቤት ያለውን ልጅ በዚህ ወር ውስጥ እዩት። የስኔለን ሰንጠረዥ ወይም ፊደል ለማያውቅ ልጅ የኢ ሰንጠረዡን ስድስት ሜትር ላይ ስቀሉ፣ አንዱን ዓይን በካርድ ሸፍኑ፣ ጠይቁ፣ ከዚያ ሌላኛውን። አምስት ደቂቃ ነው። በስልክ አይሆንም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ሁለተኛው ለማኅበራችን ነው። በየጊዜው ስንገናኝ ለእራት፣ ለቲሸርትና ለፎቶ ገንዘብ እናዋጣለን፤ ደስ ይላል፣ ይቀጥል። ግን ከመገናኛው ቀናት አንዷን ጠዋት በከተማው ውስጥ ላለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ብንሰጣት? ኦፕቶሜትሪ ክፍሉ ተማሪዎች አሉት፣ እኛ እጅና ወንበር አለን፣ መዋጮው መነፅር ይገዛል። የዓይን ሐኪም ያልሆንነውም ልጆች ማሰለፍ፣ ካርድ መያዝ አያቅተንም። ኮሚቴው ይሄን ሐሳብ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ለመጀመሪያው ጠዋት የሚያስፈልገውን የክፈፍ ዋጋ እኔ ልጀምር።

ሚጣን ልጨርስላችሁ። መነፅሩ ሐምራዊ ክፈፍ ነው፤ ራሷ መረጠችው። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። መጀመሪያ ሰሞን ክፍል ውስጥ «አራት ዓይና» እያሏት ቦርሳዋ ውስጥ ትደብቀው ነበር፤ ወንድሜ ሁለቴ ትምህርት ቤት ተመላልሷል። አሁንም አንዳንድ ቀን ታወልቀዋለች። ራስ ምታቱ ግን ቀርቷል። ወንድሜ «ሰነፍ» የሚለውን ቃል ከአፉ አውጥቶ ጥሏል፤ አሁን ማታ ማታ እሷ ናት ለእሱ የምታነብለት።

ትናንት ለዚህ ጉባኤ ስመጣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መልሼ ወሰድኳት። ጫማ አወለቅን፣ ገባን። ሳልነግራት ቀና አለች። ብዙ ጊዜ ቆየች፤ እኔም ስልኬን አጥፍቼ አብሬያት ቆየሁ። ከዚያ ቀሚሴን ጎተት አደረገችና፤

«አክስቴ፣ አንዱ ተቆጥቷል።»

«የቱ?» አልኳት። እኔ አላየሁትም። ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ። እውነትም አንዱ ቅንድቡን ሰብሰብ አድርጓል። በዚያ ጣሪያ ሥር ተማሪ ሆኜ ስንት ጊዜ ቆሜአለሁ፤ አይቼው አላውቅም።

መምህራኖቻችን፣ እንድናይ ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ። ያላየንበትን ቀን ይቅር በሉን። ጓደኞቼ፣ ሃያ ዓመት አለፈ፤ ለሚመጣው ሃያ ዓመት ጤናና ዕድሜ ይስጠን። ነገ ከሰዓት ፕሮግራም የለም ተብሏል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ፣ ወደ ፋሲል ግቢ ውጡ። ስኒከር አድርጉ።